ዓሣው ከመገዛቱ በፊት ውኃው ይመርመር

የትርፍ ጊዜ ገጽ

«ዓሣን መብላት በብልኃት» የሚለው ተረት የተነገረው ስለ እሾኹ ነው። ዓሣን በመስተዋት ገንዳ አኑሮ በዓይኑ ሊደሰትበት ለሚፈልግ ሰው ግን የሚያስፈልገው ብልኃት ከበላተኛው ይልቅ እጥፍ ነው፤ የበላተኛው ጥንቃቄ በአንድ ማዕድ ሲያበቃ፥ የአሳዳሪው ግን ከዓመት እስከ ዓመት ይቀጥላልና።

ወደዚህ ነገር ያመጣን ከወልቂጤ የደረሰን ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው በአንድ መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት የሚያገለግሉ ወጣት ሲሆኑ፥ ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ገንዘብ አዋጥተው ርዝመቱ 60፥ ወርዱ 30፥ ከፍታው 35 ሳንቲ ሜትር የሆነ አኳሪየም ከአዲስ አበባ አስመጥተዋል። ከሥሩ አሸዋና ጠጠር አንጥፈው የውኃ ውስጥ አትክልት ሊተክሉበት አስበዋል። «ሁለት ወርቃማ ዓሣ፥ ሁለት ኤንጅል፥ ዐሥር ኒዮን፥ መስተዋቱን እየላሰ የሚያጸዳ አንድ ዓሣ ለመግዛት ቆርጠናል። የሚጨመር ወይም የሚቀነስ ካለ ይንገሩን» ይላሉ።

የሚቀነሰው ሁሉም ነው። ይህን ስንል የወጣቶቹን ደስታ ለማደብዘዝ አይደለም። ከደመወዝ ላይ ተቆጥቦ የተገዛ ዓሣ በሦስተኛው ሳምንት ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ሲገኝ፥ የሚጠፋው ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን ነገሩን ለመማር የነበረው ፍላጎት ጭምር ስለ ሆነ ነው። ብዙ ሰው አኳሪየሙን ባዶውን ቆጥ ላይ የሚሰቅለው ሰነፍ ስለ ሆነ አይደለም፤ መጀመሪያ ዓሣውን መርጦ ውኃውን በኋላ ስላሰበ ነው። ትክክለኛው ተራ ግን የዚህ ግልባጭ ነው።

ውኃና አትክልት፥ ዓሣና ቀንድ አውጣ

እ.ኤ.አ. በ1850 ሮበርት ዋሪንግተን የሚባል እንግሊዛዊ የኬሚስትሪ ሰው በሎንዶን ከተማ አንድ ሙከራ ገልጾ ጻፈ። በአንድ የመስተዋት ዕቃ ውስጥ ወርቃማ ዓሣዎችንና ቫሊስኔሪያ የተባለውን እንደ ሣር ረዘም ያለ የውኃ አትክልት አኖረ። አትክልቱ ለዓሣው ኦክስጅን ይሰጣል፤ የዓሣው ኵስ ደግሞ ለአትክልቱ ምግብ ይሆናል። ዳሩ ግን የበሰበሰው ቅጠል ውኃውን ማቆሸሽ ሲጀምር ጊዜ ቀንድ አውጣ ጨመረበትና ነገሩ ተስተካከለ። ከሦስት ዓመት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1853፥ የሎንዶን የእንስሳት መጠበቂያ ለሕዝብ የሚታይ የዓሣ ቤት ከፈተ። ዛሬ በየአገሩ በቤትና በትምህርት ቤት የሚታየው አትክልት ያለበት አኳሪየም የዚያ ሙከራ የልጅ ልጅ ነው።

ዋሪንግተን በዓይኑ ያላያቸው ሌሎች ሠራተኞች ግን ነበሩ። ዓሣ ሲተነፍስና ሲያስወጣ አሞኒያ የሚባል መርዝ ወደ ውኃው ይገባል። በጠጠሩና በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፥ ናይትራይቱን ደግሞ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ ናይትሬት ግን ካልበዛ በቀር ብዙ ጉዳት የለውም፥ አትክልቱም ይመገበዋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በበቂ ቁጥር እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያስፈልጋል፤ ውኃው ቀዝቀዝ ያለ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ሊቆይ ይችላል። አኳሪየም በገዙ ማግሥት ዓሣ የሚያስገቡ ሰዎች የሚከስሩት ይህን ባለማወቅ ነው። ውኃው ለዓይን ጠርቶ ይታያል፤ ዓሣው ግን በራሱ ሽንት ይመረዛል።

የወልቂጤ ውኃ አራት ጠባይ

አኳሪየምን የሚመለከቱት መጻሕፍት ብዙዎቹ የተጻፉት ለአውሮፓና ለአሜሪካ ሰው ነው። ስለዚህ አንድ የወልቂጤ ሰው የሚነግሩትን ከመፈጸሙ በፊት አራት ነገር ማገናዘብ ይገባዋል።

መጀመሪያው ብርድ ነው። ወልቂጤ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት። ቀኑ ለሰው የተመቸ ቢሆንም በኅዳር፥ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ይበርዳል። ስለዚህ ገንዳውን ውኃ ሞልተው አንድ ሳምንት ባዶውን ያቆዩት፤ ጧት በ12 ሰዓትና ከቀትር በኋላ በ9 ሰዓት በቴርሞሜትር ለክተው በደብተር ይጻፉ። ዓሣውን የሚመርጥልዎ ከሻጩ አፍ ይልቅ ያ ደብተር ነው።

ሁለተኛው አየር ነው። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ፥ በውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም ይቀንሳል። በ20 ዲግሪ ሙቀት ላይ ያለ ውኃ በባሕር ወለል አጠገብ በአንድ ሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፥ በወልቂጤ ከፍታ ግን ከ7 ሚሊግራም ጥቂት ብቻ ይበልጣል። ይኸውም አንድ አምስተኛው ጎደለ ማለት ነው። የውጭ አገሩ መጽሐፍ «ዐሥር ዓሣ» ሲል እኛ «ስምንት» ብለን ማንበብ አለብን። ውኃ በሞቀ ቁጥር ኦክስጅኑ ይበልጥ ስለሚቀንስ፥ በማሞቂያ ኃይል ሙቀት ወዳድ ዓሣ ለማኖር የሚደክም ሰው በሁለት በኩል ይጎዳል።

ሦስተኛው መብራት ነው። የጊቤ ወንዝ በግድቦቹ ብዙ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ቢሆንም፥ በቤታችን ያለው አምፑል አንዳንድ ሌሊት ሳይነግረን ይጠፋል። መብራት ሲጠፋ ማጣሪያው ይቆማል፥ ማሞቂያውም ይቀዘቅዛል። በ26 ዲግሪ የሚኖር ዓሣ በአንድ ሌሊት ወደ 18 ቢወርድ ይታመማል፤ ከመጀመሪያው በ19 ወይም በ20 ዲግሪ መኖር የለመደ ዓሣ ግን ለውጡ ብዙም አይሰማውም።

አራተኛው ራሱ ውኃው ነው። የቧንቧ ውኃን መምጫ መጠበቅና በጀሪካን ማከማቸት ለወልቂጤ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ዓሣ ያጨናነቁበት ገንዳ በሳምንት ሁለት ጊዜ ውኃ ካልተለወጠለት ይበላሻል። አትክልቱ የበዛ፥ ዓሣው ያነሰ ገንዳ ግን በሳምንት 10 ሊትር ብቻ ቢለወጥለት ይበቃዋል፤ ይህም የአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ግማሽ ነው። ለመጠጥና ለማብሰያ ውኃ በሚቸግርበት ቤት ለዓሣ ጀሪካን ሙሉ መቅዳት ለጎረቤትም ደስ አይልም።

እንግዲህ ከእነዚህ ከአራቱ ተነሥተን ስንፈርድ፥ ለዚህ ገንዳ የሚስማማው ዓሣ ትንሽ፥ ብርድ የሚችል፥ አትክልት የማይበላ፥ በጥቂት ቁጥር ደስ ብሎት የሚኖር መሆን አለበት።

ለምን አይገቡም?

ወርቃማው ዓሣ ብርድን በመቻል ከሁሉ ይበልጣል። ነገር ግን ያድጋል፤ 20 ሳንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ደግሞም ለስላሳውን ቅጠል ይበላል፥ ሥሩን እየቆፈረ ይነቅላል። ዋሪንግተን የተጠቀመበት ይህንኑ ዓሣ ቢሆንም፥ አትክልት ለማሳመር የሚፈልግ ሰው ከእርሱ ጋር አይስማማም። የእኛው ቆሮሶም (ቴላፒያ የሚባለው) እንደዚሁ ነው፤ በሐይቅና በድስት የተመሰገነ ይሁን እንጂ በመስተዋት ገንዳ ውስጥ አትክልቱን ሣር እንዳገኘች ፍየል ያደርገዋል፥ አሸዋውንም ይቆፍራል። አምባዛ ደግሞ የሚያድገው ከገንዳው ርዝመት በላይ ነው፤ አብሮት የሚኖረውን ትንሽ ዓሣም እራቱ ያደርገዋል።

ኤንጅል የሚባለው የአማዞን ዓሣ በልጅነቱ የሳንቲም ያህል ነው፤ ሲያድግ ግን ከክንፉ ጋር ከፍታው 15 ሳንቲ ሜትር ስለሚደርስ ከ35 ሳንቲ ሜትር ገንዳ ጋር አይመጣጠንም። ሙቀት ይፈልጋል፤ ደግሞም ሲጎለምስ ኒዮኑን ይውጠዋል። ኒዮንን በሚመለከት፥ ሰማያዊና ቀይ መስመሩ የሚያምር መሆኑን ማንም አይክድም፤ ዳሩ ግን ለስላሳና ሞቅ ያለ ውኃ ስለለመደ በብርድ ወራት ያለ ማሞቂያ አይበጀውም። መስተዋት ላሹ ዓሣ በሱቅ ሲታይ የጣት ያህል ነው። ብዙው ዓይነት ግን ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ያድጋል፤ የሚጥለው ኵስም ከሚያጸዳው ይበልጣል።

እዚህ ላይ ተማሪዎች የሚወዱት አንድ ስሌት አለ። የዓሣ ርዝመት እጥፍ ሲሆን ክብደቱ እጥፍ አይሆንም፤ ርዝመቱም፥ ወርዱም፥ ውፍረቱም አብረው እጥፍ ስለሚሆኑ ክብደቱ ስምንት ጊዜ ይበዛል። በዚህ ሂሳብ ቅርጻቸው ቢመሳሰል 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ዓሣ 4 ሳንቲ ሜትር ከሆኑ 125 ዓሣዎች ጋር እኩል ይመዝናል። ስለዚህ «አንድ ብቻ ነው» ብሎ ትልቅ የሚሆነውን ዓሣ ማስገባት ራስን ማታለል ነው። ሻጩን ሲጠይቁ «ዛሬ ስንት ሳንቲ ሜትር ነው?» አይበሉ፤ «ሲያድግ ስንት ይደርሳል?» ይበሉ።

የሚገቡት

የመጀመሪያው ምርጫችን ዜብራ ዳኒዮ ነው። ርዝመቱ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፥ በብርማ ገላው ላይ እንደ ሜዳ አህያ ሰማያዊ መስመር አለው። ትውልድ አገሩ ሕንድና አካባቢዋ ሲሆን፥ ፍራንሲስ ሃሚልተን የሚባል ስኮትላንዳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1822 ስለ ጋንጅስ ወንዝ ዓሣዎች በጻፈው መጽሐፍ ገልጾታል። ከ18 እስከ 25 ዲግሪ በደኅና ይኖራል። ይህ ትንሽ ዓሣ ዛሬ በዓለም የምርምር ቤቶች ሁሉ የታወቀ ነው፤ ሽሉ እንደ መስተዋት ስለሚያሳልፍ ልቡ ሲመታ በማይክሮስኮፕ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2013 የዘር መዝገቡ በሙሉ ታትሞ ሲወጣ፥ ከሰው ጂኖች 70 በመቶ ያህሉ በእርሱ ውስጥ አቻ እንዳላቸው ታወቀ። ስለዚህ በጉብሬ በወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት ትምህርት ለሚከታተል ወጣት፥ በመኝታ ቤቱ የሚዋኘው ዓሣ መጽሐፉን የሚያብራራ ሕያው ሥዕል ይሆንለታል። ዳኒዮ ለብቻው አይወድም፤ ቢያንስ ስድስት ሆኖ ሲዋኝ ጠባዩ ይታያል። ደግሞም ይዘልላልና ገንዳው ክዳን ይኑረው።

ሁለተኛው «ነጭ ደመና» የሚባለው ነው። ስሙን ያገኘው በደቡብ ቻይና በጓንግዡ ከተማ አጠገብ ካለው የነጭ ደመና ተራራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ለሳይንስ የታወቀ ሲሆን፥ የሳይንስ ስሙ ያገኘውን የስካውት መሪ የታንን ስም ይዟል። ርዝመቱ ከ4 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ የክንፉ ጫፍ ቀይ ነው። የተራራ ዓሣ እንደ መሆኑ ከ16 እስከ 22 ዲግሪ ያለውን ቀዝቃዛ ውኃ ይመርጣል፥ ሙቀት ሲበዛበትም ይደክማል። ደብተርዎ ጧት ጧት 17 ዲግሪ የሚያሳይ ከሆነ ከዚህ የሚሻል የለም።

ሦስተኛው ጋፒ ነው። ስሙ የመጣው በትሪኒዳድ ደሴት ይኖር ከነበረው ከሮበርት ጋፒ ነው። እንቁላል አይጥልም፥ ይወልዳል። አንዲት ሴት ጋፒ በየወሩ ገደማ በዐሥር የሚቆጠሩ ልጆች ትወልዳለች፤ ከወንዱ ተለይታም እንኳ ለወራት ልትወልድ ትችላለች። ሁለት ጥንድ የገዛ ሰው በስድስት ወር ውስጥ የሚያደርጋቸው ያጣል። ስለዚህ ጋፒ የሚፈልግ ሰው ወንድ ወንዱን ብቻ ይግዛ፤ ጅራቱ ሰፊና ባለ ቀለም የሆነው ወንዱ ነው። ውኃው ከ20 ዲግሪ ብዙ የማይወርድበት ክፍል ይስማማዋል።

ለብቻው የሚኖር አንድ ዓሣ ለሚወድ ሰው ደግሞ «የገነት ዓሣ» አለ። ፒየር ካርቦኒዬ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1869 በፓሪስ ከተማ ያራባው ይህ የሩቅ ምሥራቅ ዓሣ፥ ከስንጥቡ ሌላ ከውኃው ላይ ብቅ ብሎ አየር የሚስብበት ብልት አለው። ስለዚህ ኦክስጅን ባነሰበት ከፍታና መብራት በጠፋበት ሌሊት አይጨነቅም። ብርድንም ይችላል። ነገር ግን ጠበኛ ነው፤ አንዱን ብቻ፥ ያለ ጎረቤት ያኑሩት።

ቁጥሩና ተራው

የገንዳው ልክ ሲባዛ 63 ሊትር ይሆናል። አሸዋውና ከላይ የሚተወው ባዶ ቦታ ሲቀነስ ግን ውኃው 50 ሊትር ያህል ነው። የአውሮፓው የቆየ ደንብ ለትናንሽ ዓሣ «ለአንድ ሊትር አንድ ሳንቲ ሜትር» ስለሚል 50 ሳንቲ ሜትር ዓሣ ይፈቅዳል። ስለ ከፍታው አንድ አምስተኛውን ስንቀንስ 40 ይቀራል። ባለ 4 ሳንቲ ሜትር ዓሣ ዐሥር ማለት ነው። ይህም የመጨረሻው ወሰን እንጂ መጀመሪያው አይደለም።

መጀመሪያ አትክልቱን ይትከሉ፤ ቫሊስኔሪያ፥ በድንጋይ ላይ የሚታሰረው የጃቫ ፈርን፥ ሥር ሳይተክል የሚንሳፈፈው ሴራቶፊለም ለጀማሪ የተመቹ ናቸው። ገንዳው ተሞልቶ እስከ 70 ኪሎ ግራም ስለሚመዝንና ከዚያም ሊያልፍ ስለሚችል፥ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ የጸና ይሁን። በቀን ስምንት ሰዓት ያህል የአምፑል ብርሃን ይስጡት፥ የቀጥታ ፀሐይ ግን አያግኘው። የቧንቧው ውኃ ክሎሪን ካለበት ክዳኑን ከፍተው በባልዲ ከአንድ ቀን በላይ ያሳድሩት። ማጣሪያው እየሠራ፥ አትክልቱ እየበቀለ፥ ቁንጥር ምግብ በየሁለት ቀኑ እየጣሉ አምስት ስድስት ሳምንት ይጠብቁ። ከዚያ ስድስት ዓሣ ያስገቡ፤ ስድስቱም ከአንድ ዓይነት ይሁኑ። ሁለት ወር አልፎ ሁሉም ደኅና ከሆነ አራት ይጨምሩ።

ከአዲስ አበባ ወደ ወልቂጤ ያለው መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሻጩ ከረጢቱን አንድ ሦስተኛ ውኃ፥ የቀረውን አየር አድርጎ ይሠር፤ ዓሣዎቹም ከመጓዛቸው በፊት አንድ ቀን አይብሉ። በካርቶን ውስጥ በጨለማ ቢጓዙ አይደነግጡም። ቤት ሲደርሱ ከረጢቱን ሳይፈቱ በገንዳው ላይ 20 ደቂቃ ያንሳፍፉት፥ ከዚያም የገንዳውን ውኃ በሲኒ በሲኒ እየጨመሩ ያላምዷቸው።

ምግቡ በቀን አንድ ጊዜ፥ በሁለት ደቂቃ ተበልቶ የሚያልቅ ይሁን። በሳምንት አንድ ቀን ቢጾሙ አይጎዱም፥ እንዲያውም ውኃው ያርፋል። በሌሊት አትክልቱም እንደ ዓሣው ኦክስጅን ይወስዳልና፥ መብራት ለብዙ ሰዓት ሲጠፋ ውኃውን በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያፍስሱት። ይህን ለዐሥር ደቂቃ ደጋግሞ ማድረግ ለጥቂት ትናንሽ ዓሣዎች እርዳታው ብዙ ነው።

ከወንዛችንስ?

«ዋቤ ወንዝ በአጠገባችን እያለ ለምን ከሩቅ አገር ዓሣ እንገዛለን?» የሚል አይጠፋም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ከቡታጅራ ወገን ካለው የጉራጌ ተራራ ተነሥቶ ወደ ዝዋይ ሐይቅ የሚወርደው የመቂ ወንዝ፥ በዓለም መዝገብ ስሙ የተጻፈለት ዓሣ አለው። በብሪታንያ ሙዚየም ይሠራ የነበረው ቡላንዤ የተባለው የዓሣ ሊቅ ከመቶ ዓመት በፊት «ጋራ ማኪየንሲስ» ሲል ሰይሞታል፤ የመቂው ጋራ ማለት ነው። (ይህ «ጋራ» ከአማርኛው ተራራ ጋር ዝምድና የለውም።) የጋራ ወገኖች አፋቸው ወደ ታች የዞረ ነው፤ ከድንጋይ ላይ ተጣብቀው ሽበቱን ይፍቃሉ። በቱርክ አገር የሰውን እግር እየለቀሙ «ሐኪም ዓሣ» የተባሉትም የእነርሱ ዘመዶች ናቸው።

ነገር ግን ጋራ በድንጋይ መካከል የሚሮጥ፥ አየር የበዛበት ውኃ ለምዶ ያደገ ስለ ሆነ፥ በረጋ የመስተዋት ገንዳ ይታፈናል። ኃይለኛ ፓምፕና ሰፊ ገንዳ ያለው ትምህርት ቤት ቢሞክረው ያስመሰግናል፤ ለኪራይ ቤት ግን አይሆንም። ደግሞም የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ስላለ፥ ከወንዝ ሕያው ዓሣ ከማውጣት በፊት የግብርና ጽሕፈት ቤቱን መጠየቅ ተገቢ ነው።

አትክልት ከወንዝ ለማምጣት ለሚያስብ ደግሞ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለን። በአገራችን በብዙ ስፍራ በረጋና በዝግታ በሚሄድ ውኃ ውስጥ የሚኖሩ አንዳንድ ቀንድ አውጣዎች የብልሃርዚያን በሽታ ያስተላልፋሉ። በሽታው የሚገባው ከውኃው በቆዳ በኩል ነው። በቅጠል ላይ ተጣብቆ የመጣ የታመመ ቀንድ አውጣ በቤትዎ ገንዳ ውስጥም ያንኑ ሊያደርግ ይችላል። ዋሪንግተን የተጠቀመበትን ቀንድ አውጣ እዚህ ከወንዝ ለቅሞ ማስገባት ከቶ አይገባም፤ አትክልቱንም ከታወቀ ሻጭ ወይም ከሌላ አሳዳሪ ይውሰዱ።

ወደ ወንዝ አይጣል

ከሁሉ ይልቅ ልብ እንዲባልልን የምንፈልገው የሚከተለው ነው። ዳኒዮንና ነጭ ደመናን የመረጥንላችሁ ብርዳችንን ስለሚችሉ ነው። ብርዳችንን የሚችል ዓሣ ግን በወንዛችንም ውስጥ መኖር ይችላል። ዋቤ ወደ ጊቤ ይገባል፥ ጊቤ ኦሞ ሆኖ እስከ ቱርካና ሐይቅ ይወርዳል። ሥራ ተዛውሮ የሚሄድ ሰው «ነጻ ላውጣቸው» ብሎ አንድ ባልዲ ዓሣ ወደ ዋቤ ቢደፋ፥ ያደረገው በጎ ሥራ ይመስለዋል፤ መልሶ ሊሰበስበው ግን አይችልም።

ምሳሌው ከሩቅ አይደለም። እምቦጭ የሚባለው የውኃ አረም ትውልዱ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ሰዎች ለአበባው ውበት ሲሉ ከአገር አገር አዞሩት። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ መኖሩ ተመዘገበ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ በጣና ሐይቅ ታየ። ከዚያ ወዲህ ገበሬውና ዓሣ አጥማጁ፥ ተማሪውም ጭምር በእጁ እየነቀለ ሲደክምበት ኖሯል። በዝዋይ ሐይቅም ካርፕ የተባለው የውጭ ዓሣ ገብቶ ተራብቷል። በቪክቶሪያ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዓመታት የገባው የናይል ፐርች በሌላ ስፍራ የማይገኙ እጅግ ብዙ ዓይነት ትናንሽ ዓሣዎችን አጥፍቷል። የመቂው ጋራም ቤቱ ያ ወንዝና አካባቢው ነው፤ ከዚያ ቢጠፋ ሄደን የምናመጣበት ሌላ አገር የለም።

ስለዚህ ዓሣው የበዛበት ወይም የሚዛወር ሰው ለሌላ አሳዳሪ ይስጥ፥ ወይም ትምህርት ቤት ይቀበለው እንደ ሆነ ይጠይቅ፥ ወይም ለሻጩ ይመልስ። የተቆረጠው አትክልት በፀሐይ ደርቆ ከአፈር ጋር ይቀበር እንጂ ወደ ቦይ አይጣል።

በየሳምንቱ የሚወጣው 10 ሊትር ውኃ ደግሞ ቆሻሻ አይደለም። ናይትሬት ስላለበት ለጎመን፥ ለቡናና ለእንሰት ችግኝ ጥሩ ማዳበሪያ ነው። በጎማ ሲቀዱት በአፍዎ አይሳቡት፤ ጎማውን ውኃ ሞልተው ጫፉን በጣት ይዘው ወደ ባልዲው ያውርዱት፥ ከዚያም ወስደው ከጓሮው ሥር ያፍስሱት።